የአራተኛው ወንበር ክብደት

የበረራ ክበቡ ጽሕፈት ቤት ከሃንጋሩ ጎን የተለጠፈች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከኋላ የተጨመረች ስለሆነች ጣሪያዋ ከሃንጋሩ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያፈሳል። ውኃው የሚወርደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከጠረጴዛው በስተግራ ስለነበረ እዚያ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጦ ይኖራል። በጠረጴዛው ቀኝ ስልክ፣ መሀል ላይ ባለ መስመር ደብተር፣ ከስልኩ ኋላ ደግሞ በላስቲክ የታሰረ የጫማ ካርቶን አለ። በባልዲውና በስልኩ መካከል ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠችው ሴት እናቷ ያወጡላት ስም ነበራት፤ ነገር ግን ከደመወዝ ወረቀት በቀር የትም አይጻፍም። ሁሉም የሚጠሯት «እትዬ ማረፊያ» ብለው ነው።

ስሙን ያወጣላት የክበቡ መካኒክ ጋሽ ብሎን ነው። እሱም ከኪሱ ብሎን ጠፍቶ ስለማያውቅ በቅጽል ስም የቀረ ሰው ነው። «አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍ የምታውቀው እሷ፤ ሰዎቹ የት ጎናቸውን እንደሚያሳርፉ የምታውቀው እሷ። አብራሪ ተብዬዎቹማ መሀል ያለውን አየር ብቻ ነው የሚያውቁት» ይላል። እሷ እየተሽኮረመመች መሀረቧን አፏ ላይ ታደርጋለች። ቀልድ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ መልሱ የሚመጣላት ቤቷ ገብታ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ስለሆነ ነው።

በየዓመቱ ከተራራው ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ የአየር ትርኢት ይደረጋል። በአውቶቡስ ተራራውን ዞሮ ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ በክበቡ ባለ አራት ወንበር አውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አብራሪዎቹ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ትርኢቱ ነው፤ የት ይታረፋል፣ የት ይታደራል የሚለው ጣጣ ግን የእሷ ነው። የትርኢቱ ሜዳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለመጪ አውሮፕላን ይዘጋል። እዚህ ደግሞ ጉሙ ከሦስት ሰዓት በፊት አይገለጥም። አዲስ ሊቀመንበር በተመረጠ ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት «እንደርሳለን» ብሎ ይከራከራታል፤ በሁለተኛው ዓመት ይተወዋል።

ስለዚህ ከትርኢቱ ሜዳ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የአንድ ከብት አርቢ የሳር ሜዳ ፈልጋ አገኘች። ስለ ሜዳው ያለው ሁሉ በጫማው ካርቶን ውስጥ፣ በአንድ ካርድ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። «በሐይቁ በኩል ግቡ። በምሥራቁ ጫፍ የመብራት ሽቦ አለ። ዝናብ ከጣለ የምዕራቡ ጫፍ ጭቃ ነውና እዚያ አትቁሙ። ውሻው ይጮኻል እንጂ አይናከስም።» ሳሩ እርጥብ ሆኖ ማረፍ ካልተቻለ ደግሞ አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ የጠጠር ሜዳ አለ። እስከዚያ የሚያደርስ ነዳጅ ከመነሻው ተሞልቶ ይሄዳል። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አትደራደርም ነበር።

ይህን ሁሉ ሜዳ በዓይኗ አይታው አታውቅም። አውሮፕላኑ ውስጥ የገባችውም ወንበሩን ለመጥረግ ብቻ ነው።

ማደሪያው የአንዲት መምህርት ቤት ነው። መምህሯ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤቷ ከሳሩ ሜዳ አጥር ጋር የተጣበቀ ሲሆን በትርኢቱ ሳምንት ሆቴሉ ሁሉ ሲሞላ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ትለቃለች። እትዬ ማረፊያ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት መጀመሪያ ስትደውልላት ስለ አልጋው ጠይቃ ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ፈራ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ እዚያ ነፋስ አለ?» አለቻት። መምህሯ ስልኩን አስቀምጣ በወጥ ቤቷ መስኮት አየችና ተመልሳ መጣች። «ነፋስ መለካት እንኳ አላውቅም። ገመዴ ላይ ያሰጣሁት አንሶላ ግን ወደ ሐይቁ ነው የሚመታው» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሳሩ ሜዳ ነፋስ የሚታወቀው በመምህሯ አንሶላ ነው። መምህሯም በትርኢቱ ሳምንት ልብስ የምታጥበው ቆሽሾ አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ በየወሩ መደዋወል ጀመሩ።

«አንሶላው እንዴት ነው፣ እህቴ?»

«አንሶላው ይወዛወዛል፤ የትራስ ልብሱ ግን ዝም ብሏል።»

«እንግዲያው ለስላሳ ነው ማለት ነው።»

«እኔ እንደ አንሶላዬ ነኝ፤ አንቺስ? ዘንድሮም አትመጪም?»

«ዘንድሮ እንኳ አልሆነልኝም።»

አሥራ ስድስት ዓመት እውነቷን ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ስለነበሩ አንድ ሌሊት እንኳ ትታቸው ማደር አትችልም። እናቷ ካረፉ በኋላ ግን የጎደለው ወንበር ብቻ ነበር። በየዓመቱ የተሳፋሪው ስምና ኪሎ የሚሞላበትን የክብደት ወረቀት ስታዘጋጅ በአራተኛው መስመር ላይ የራሷን ስም በእርሳስ ትጽፋለች፤ ጥቂት ታየውና በላጲስ ታጠፋዋለች፤ ከዚያ የሌላ ሰው ስም በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየ ሰው ቢኖር የላጲሱን ምልክት ያገኘው ነበር። ማንም አላየም።

አምና በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ተነሣና፣ «የሚመጣው ዓመት አራተኛው ወንበር የእትዬ ነው! በቃ፣ ተወስኗል!» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷ ወለሉን እያየች መሀረቧን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ዘንድሮ ደግሞ መምህሯ አንድ ቀን ድምጿ ለወጥ ብሎ ደወለች።

«ቤቱን ሸጥኩት፣ ማረፊያዬ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ። ትርኢቱ ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ፣ ልጄ መጥቶ ይወስደኛል።»

«ወዴት?»

«እሱ ያለበት፣ ሩቅ ነው። ከአሁን በኋላ አንሶላ የሚያሰጣም አይኖር። ሳላይሽ ከሄድኩ ግን እርር ብዬ ነው የምሞተው።»

«እመጣለሁ» አለች እትዬ ማረፊያ። «ዘንድሮ ወንበር አለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻርፕ መሥራት ያዘች። ግራጫ ሆኖ ጠርዙ ቀይ ነው። መምህሯ አንድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ትከሻዬን ይበርደኛል ብላት ስለነበር ወርዱን ሰፋ አደረገችው።

የክብደት ወረቀቱን ደግሞ እንደዚያን ዓመት ደስ ብሏት ሠርታው አታውቅም። ታንኩ ሞልቶ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ነው። ወንዶቹ ክብደታቸውን ራሳቸው ጽፈው ይሰጧታል፤ እሷም በአክብሮት ተቀብላ ታርመዋለች። የምታርመው በቀበቶ ቀዳዳ ነው። ቀበቶ አሮጌው ቀዳዳ አጠገብ የታጠፈበትን መስመር አይደብቅም፤ ሰውየው አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ከሄደ አራት ኪሎ ትጨምርበታለች። አውሮፕላኑን የሚያበረው ሊቀመንበሩ ራሱ ሰማንያ ሁለት ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሁለት ቀዳዳ ሄዷልና ዘጠና አለችው። ረዳት አብራሪው ሰባ አራት ብሎ ሰባ ስምንት ሆነ። ሦስተኛው ተሳፋሪ ለሃንጋሩ ጣሪያ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብሎ ቃል የገባ ነጋዴ ነው። ሰማንያ ቢልም ባለፈው ጊዜ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይታው ስለነበር ሰማንያ አራት ጻፈችለት። ራሷን ግን የዕቃው ሚዛን ላይ ጫማዋን አውልቃ ወጣችና ሃምሳ አንድ ብላ፣ ከነስሟ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእስክሪብቶ ጻፈች። ለዕቃ አሥራ ሰባት ኪሎ ቀረ። ለወንዶቹ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት፣ ለራሷ ሁለት አደረገች። ልክ ሦስት መቶ ሃያ መጣ። ወረቀቱን ለጋሽ ብሎን ስታሳየው፣ «አንዲት ዝንብ ብትገባ ነው የሚከብደው» አላት።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ደወለች።

«አንሶላው ዝም ብሏል» አለች መምህሯ እየሳቀች። «ሳሩ ደርቋል። ውሻው ታስሯል። የኔን ክፍል ነው የለቀቅኩልሽ፤ መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። አጥሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ በቀይ ጃንጥላዬ ታውቂኛለሽ።»

ጉሙ በሰዓቱ ተገለጠ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የነጋዴው መኪና መጥቶ ሃንጋሩ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ የኋላውን ከፈተና ዕቃ ያወርድ ጀመር፤ አንድ ትልቅ ድንኳን ከነብረቱ፣ ሦስት ተጣጣፊ ወንበር፣ ሁለት ሣጥን መጠጥ፣ የበረዶ መያዣ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከክንፉ ሥር ድንኳን ተክለን እናድራለን እንጂ! የሌላ አገር ሰዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ፎቶ ላይ አይቻለሁ። ሰው የአየር ትርኢት ሄዶ የሴትዮ ቤት ያድራል እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ደግሞ መለስ ብሎ ጣሪያውን አየ። «እትዬ፣ እስቲ መዝኚው» አለ።

መዘነችው። ሃምሳ ሦስት ኪሎ ነበር።

«ትንሽ ነዳጅ ብንቀንስስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። «አይሆንም፣ ካፒቴን! ሳሩ ላይ ማረፍ ባትችሉ ጠጠሩ ሜዳ የሚያደርሳችሁ ነዳጅ ነው። እሱን መንካት የለብዎትም።» ፊቷ ቀላ። እሷ ራሷ ያስቀመጠችው ሕግ ነበር፤ መውጫውንም የዘጋባት እሱ ነው።

ነጋዴው ሰዓቱን አየ። ረዳት አብራሪው የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ማሰሪያው አልተፈታም ነበር። ዝምታው በረዘመ ቁጥር እሷን ጭንቅ ጭንቅ አላት። የምትለውን ስታጣ፣ ሰው በጭንቅ ጊዜ ይሉኝታ ይዞት እንደሚለው፣ «እኔ ብቀርስ?» አለች።

እንዲህ የሚባለው እንዲታመን አይደለም። አንዱ «እኔ ልቅር» ሲል ሌላው «ኧረ በፍጹም!» ይላል፤ ያኛው ይደግማል፤ ይኼኛው ይቆጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሰው ሁሉ ክብሩ ተጠብቆለት ድንኳኑም ተጣጣፊ ወንበሮቹም ይወርዳሉ፤ መጠጡም ይቀራል። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይህንን ነው። የሊቀመንበሩን «ኧረ በፍጹም» ለመስማት ቀና ብላ ጠበቀች። ባይሆን ረዳት አብራሪው ይላል ብላ ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እትዬ!» አለ ሊቀመንበሩ። «እኔኮ እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅሽ ጨንቆኝ ነበር። አንቺ ማለት እኮ የክበቡ እናት ነሽ። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ያለ ጥርጥር!»

እሷ ሃምሳ አንድ፣ ሻንጣዋ ሁለት። ድንኳኑ ሃምሳ ሦስት። አንድ ግራም ሳይጎድል ሳይተርፍ ተካክለው አረፉ።

ወረቀቱን አምጥታ በስሟ ላይ መስመር አሰመረች። እስክሪብቶ ስለሆነ አልጠፋም። ከጎኑ «ድንኳን፣ ወንበር፣ መጠጥ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ሻርፑን አወጣችና ለረዳት አብራሪው ሰጠችው። «ለመምህሯ ነው። ከአጥሩ አጠገብ ያለው ቤት፤ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ታገኛታለህ። ሦስት መቶ ግራም ነው፤ ከምሳ ዕቃችሁ ላይ ቀንሻለሁ።»

«በእጇ ነው የማስረክባት፣ እትዬ፤ አታስቢ» አለ፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

ጋሽ ብሎን የነዳጅ ቧንቧውን ጠቅልሎ ሲመለስ አውሮፕላኑ ተነሥቶ እሷ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ሻንጣዋን አየ፤ እሷን አየ።

«አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ነገረችው።

«እና ማን ጠየቀሽና ነው ራስሽን ያወረድሽው?»

«ተይ እንዲሉኝ ነበር» አለች።

ጋሽ ብሎን ቀልድ ፈልጎ ሲያጣ ያን ቀን አየችው። እጁን በጨርቅ ሲጠራርግ፣ ሲጠራርግ ቆየና ወደ ውስጥ ገባ።

አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን ለመምህሯ ደውላ ትነግር ነበር። ያን ቀን ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥታ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ምን ትበላት? በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትደውል ቀረች። ሳትደውል መቅረቷ ደግሞ ሴትዮዋን ፀሐይ ላይ እንደሚያቆማት እያወቀች ነው። ኋላ ከሁሉ ይበልጥ የሚያብከነክናት ይኸው ሆነ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አልመጣሽም» አለች መምህሯ።

«አልሆነልኝም፣ እህቴ።»

«እኔማ ከአምስት ሰዓት ጀምሬ አጥሩ ላይ ነኝ። አውሮፕላኑ በሐይቁ በኩል ገባ፤ አንቺ እንዳልሽው። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አራተኛዋን ስጠብቅ ድንኳን አወረዱ። ምናልባት አሟት ውስጥ ተኝታ ይሆናል ብዬ እስከ ክንፉ ድረስ ሄድኩ። ሁለቱ መኪና ሊፈልጉ ሄደው አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ‹እትዬ የለችም?› ብዬ ብጠይቀው ‹የቷ እትዬ?› አለኝ።»

እትዬ ማረፊያ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች።

«ክፍሉን አንጥፌዋለሁ። አይፈልጉትም፤ ድንኳን አላቸው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቷል፤ ሰውዬው ግን ብልጥ ነው፣ ደህና አድርጎ ለብሷል። ግራጫ ሻርፕ ነው፤ ጠርዙ ቀይ። እንዴት ያለ የእጅ ሥራ መሰለሽ! ክሩን በእጄ ነካ አድርጌ ‹ማን ሠራልዎት?› ብዬ ብጠይቀው ‹የክበቡ ነው፤ ብርድ ሲሆን አንሥቼ ነው› አለኝ።»

«ጥሩ ነው?» አለች እትዬ ማረፊያ።

«በጣም ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ነበር ለትከሻዬ የምፈልገው።»

የኔ ነው፣ ያንቺ ነው፣ ውጪና ከትከሻው ላይ ውሰጂው ልትል አፏ ድረስ መጣ። ነገር ግን መምህሯ ሄዳ ስትጠይቅ፣ ሰውዬው ሲስቅ፣ ሊቀመንበሩ ስለ ጣሪያው ሲጨነቅ ታያት። «ደህና ሰንብቺ» ብቻ አለች። መምህሯም ልጇ ቤት ስትገባ እንደምትደውል፣ ቁጥሩን ገና እንደማታውቀው ነገረቻት። ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ማረፊያ ልማድ ሆኖባት ደብተሩ ላይ «ነፋስ ከሐይቁ በኩል» ብላ ጻፈች።

ሰኞ ሰዎቹ ፀሐይ መትቷቸው፣ ጨዋታቸው ሞቅ ብሎ ተመለሱ። «ዕቅድሽ እንደ ሰዓት ነው የሠራው፣ እትዬ!» አለ ሊቀመንበሩ። ረዳት አብራሪው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ «ሻርፑን እኮ... እንግዳው ወደደው። ካፒቴኑም ስጦታ ይሁንልህ አለው። እኔ ምን ልበል?» አላት።

«ምንም» አለችው።

ቆርቆሮው እንደ ቃሉ መጣ። ሃንጋሩ ዳር እስከ ዳር ተከደነ፤ ጽሕፈት ቤቷ ግን በፕላኑ ላይ የሃንጋሩ አካል ስላልሆነች ሠራተኞቹ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ አቆሙ። እንዲያውም የአዲሱ ጣሪያ ውኃ ተሰብስቦ የሚወርደው በእሷ በኩል ስለሆነ ባልዲው ሁለት ሆነ።

ስልኩ እንደ ድሮው ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ፈጥና ታነሣዋለች፤ የነዳጅ ሰዎች ናቸው፣ የአየር ጠባይ ጣቢያ ነው፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ወደ መምህሯ አሮጌ ቁጥር ደወለች። ያነሣው ወንድ ነው። «እዚህ አከራይ የለም፤ ቤቱን እያፈረስን ነው» አላት። ነፋሱን ልትጠይቀው ፈልጋ ተወችው።

ዓመቱ ዞሮ ሊቀመንበሩ በበሩ ብቅ አለና፣ «እትዬ፣ የትርኢቱን ወረቀት እንጀምር እንጂ! ዘንድሮ ደግሞ አንቺ...» ብሎ አንድ ሰው ከውጭ ሲጠራው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጋሽ ብሎን ከሰዓት በኋላ የነዳጁን ልክ ሊጠይቅ ሲገባ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በሦስቱ መስመሮች ላይ ገና ምንም አልተጻፈም፤ የወንዶቹን ቀበቶ አላየችም። አራተኛው ብቻ ተሞልቷል፣ በእስክሪብቶ፣ በዚያ በትንሽና በጥሩ ፊደሏ፤ «ድንኳን፣ 53 ኪሎ»።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አራተኛው ተሳፋሪ።»

«ቀልድሽ ነው?»

መሀረቧን አላወጣችም። ተነሥታ የሞላውን ባልዲ በሁለት እጇ አንሥታ ልትደፋ ወጣች።